ሯጭ ምን፣ ስንትና መቼ ይብላ? ለግንደወይንና ለአካባቢዋ ወጣት አትሌቶች

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አሥር የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮችን ውድድር በተቃረበበት ሰሞን ለሰባት ቀናት ተከታትሎ የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ መዝግቧል። ሯጮቹ የሚኖሩትና የሚለማመዱት ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር። ሲሰላ፣ ከሚያገኙት ኃይል 64 ከመቶው ከካርቦሃይድሬት፣ 23 ከመቶው ከቅባት፣ 12 ከመቶው ከፕሮቲን ሆነ። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን 9.7 ግራም ካርቦሃይድሬትና 1.8 ግራም ፕሮቲን ይደርሳቸው ነበር። ምንጩ በአብዛኛው እህልና ጥራጥሬ፣ በተለይም የጤፍ እንጀራ ነው። ባለሙያዎች ለእንዲህ ያለ አትሌት የሚመክሩትን የምግብ መጠን አሟልተው ተገኝተዋል፤ ያላሟሉት የውሃውን ነው።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሩጫ የጀመረ የአገራችን ልጅ «የሯጭ ምግብ» ሲባል ቶሎ የሚታየው ከአዲስ አበባ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣ ዱቄት ነው። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በግንደወይን አልፎ ሞጣ የሚገባው መንገድ ግን ግራና ቀኙ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ነው። ወደ ጮቄ ከፍ ስትሉ ገብስ፣ አጃና ድንች ይመጣል። ጥናቱ የመዘገበው ምግብ እዚሁ ይመረታል ማለት ነው። የጎንቻ ሲሶ እነሴን ወጣት ሯጭ የሚጎዳው የምግቡ ዓይነት አይመስለኝም። የሚጎዳው መጠኑ፣ ሰዓቱና በትሪው ላይ የሚጎድሉ ሁለት ሦስት ነገሮች ናቸው። የሚከተለው ምክር በዚህ ቅደም ተከተል የተጻፈ ስለሆነ ከመጠኑ ሳትጀምሩ ወደ ሌላው አትለፉ።

መጠኑን በቤታችሁ ሚዛን ለኩ

ክብደታችሁን እወቁ። ሌላ ሚዛን ካጣችሁ የወፍጮ ቤቱ ይበቃል። በቀን አንድ ሰዓት ያህል መካከለኛ ልምምድ የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ5 እስከ 7 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ጠንከር ያለ ሥራ የሚሠራ ደግሞ ከ6 እስከ 10 ግራም። 55 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ከሮጠ 330 ግራም ዝቅተኛው ነው፤ ጠዋትና ማታ የሚሠራ ከሆነ ወደ 500 ይጠጋል።

ግራም በቤት አይለካም የሚል ካለ፣ ይለካል። መቶ ግራም የጤፍ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ሰባ ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ዱቄት 350 ግራም ገደማ ይሰጣል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ በቤታችሁ የምትጋግረው ሰው ታውቃለች። ግማሹን ቁጠሩ። የቀኑ ዝቅተኛ ድርሻችሁ ያ ነው፤ ከፊሉን በዳቦ፣ በበሶ፣ በቂንጬ ወይም በድንች ብትለውጡት ልዩነት የለውም። የተቀቀለ ድንች ግን ብዙው ውሃ ስለሆነ መቶ ግራሙ ሃያ ግራም ካርቦሃይድሬት ብቻ እንደሚሰጥ አስታውሱ።

አብዛኞቹ ሯጮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ አሠሩም ብዙ ነው። ስለዚህ ሰውነት የሚፈልገው ኃይል ሳይገባ ሆድ ይሞላል። «ጠግቤያለሁ» ማለት ቀን ሙሉ ለተቀመጠ ሰው ጥሩ መለኪያ ሲሆን፣ ማለዳ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ለሮጠ ሰው ግን አይሆንም። መፍትሔው በአንድ ማዕድ ላይ ራስን ማስጨነቅ አይደለም፤ በምግብ መካከል ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ኃይል የሚሰጥ ነገር ማስገባት ነው። በማር የተበጠበጠ በሶ፣ ጭብጦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ በማር፣ ሙዝ ሲገኝ ሙዝ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ካርቦሃይድሬት ይዟል፤ መቶ ግራም በሶ ደግሞ ከሰባ ያላነሰ። የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ የገባ ቆሎና ጭብጦ የሌሊት ረሃብን ያስቀራል።

ፕሮቲን ያሳስባችኋል፤ ሥጋ በየቀኑ ስለማይገኝ «አካሌ አይገነባም» የሚል ብዙ ነው። እስቲ እናስላው። ለሯጭ የሚመከረው ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 ግራም እስከ 2 ግራም ነው። ለ55 ኪሎ ልጅ 66 ግራም ቢደርስ በቂውን ጀምሯል። ግማሽ ኪሎ ጤፍ ብቻውን ከ50 እስከ 65 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። በእሱ ላይ መቶ ግራም ሽምብራ ወይም ምስር በሽሮና በክክ መልክ ሲጨመር ሃያ ግራም ያህል ይመጣል። እንቁላል ስድስት ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ስምንት ግራም ያህል። ጥራጥሬው የሚጠቅመው በቁጥር ብቻ አይደለም። እህል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ በእሱ የበለጸገ ነው። እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሰው ሳያውቀው ጉድለቱን ይሞላል። ችግሩ ሽሮው ሲቀጥን ነው። ለሯጭ ወፈር አድርጋችሁ ሥሩ።

ስለ ቅባት ብዙ የሚባል የለም። ቅቤ፣ ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ በየቀኑ በልኩ። ከልምምድ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ግን አብዝታችሁ አትብሉ፤ ከሆድ ቶሎ አይወጣም።

መጠኑ መብቃቱን በምን ታውቃላችሁ? በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ ተመዘኑ። ልምምዱ ሳይቀየር ክብደት ከወር ወር እየወረደ ከሆነ፣ ሌሊት በረሃብ የምትነቁ ከሆነ፣ ጉንፋን የሚመላለስባችሁ ከሆነ፣ ድሮ ስትወጡት ያልከበዳችሁ ዳገት ላይ እግር ከከበደ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ምግቡን ይሁን። «ኮንዲሽኔ ጠፋ» የሚሉ ብዙ ልጆች ሥልጠና ይጨምራሉ፤ የጎደለው እንጀራ ሆኖ ሳለ። በተለይ ነሐሴ ላይ ጎተራ ሲሳሳ ይህ ይበረታል። ያን ጊዜ ልምምዱን ቀንሱ እንጂ በባዶ ጎተራ ላይ ኪሎ ሜትር አትጨምሩ።

ሰዓቱን ከልምምዱ ጋር አያይዙ

ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚጠራቀመው ግላይኮጅን ለጠንካራ ሩጫ ዋናው ነዳጅ ነው፤ በደንብ በበላ ሰው ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም ይደርሳል። በፈጣን ሩጫ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል። ማራቶን ሯጮች ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ድንገት የሚዝሉት በዚህ ነው።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የሚወጣ ሯጭ ሌሊቱን ሲጾም አድሮ ነው የሚወጣው። ቀላልና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሩጫ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ማታ በደንብ ከበላችሁ ጡንቻው ውስጥ ያለው ይበቃል። ፈጣን ሥራ ወይም ረጅም ሩጫ ባለበት ቀን ግን ከመውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ማር የገባበት አንድ ብርጭቆ ሞቅ ያለ ውሃ ወይም ስኳር ያለው ሻይ ከቁራሽ ዳቦ ጋር ውሰዱ። ሆዳችሁ ካልለመደ በትንሹ ጀምሩ፤ አንጀትም እንደ እግር ይለማመዳል።

ከልምምድ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት እንዲያመልጣችሁ አልፈልግም። የብዙዎች ልማድ ከሩጫ ተመልሶ መታጠብ፣ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ እርሻ መሄድና ምሳ ላይ መድረስ ነው። ከአምስት ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ ማለት ነው። በቀን ሁለቴ የምትሠሩ ከሆነ የማታው ልምምድ ሳይጀመር ተበላሽቷል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የበሶውን ዱቄት አዘጋጁ፤ ስትመለሱ በውሃ ወይም በወተት በጥብጡት፣ ማር ጨምሩበት፣ ጨው ቁንጥር። የፍስክ ቀን ከሆነ አንድ እንቁላል ቢጨመር ወደ ሃያ ግራም ፕሮቲን ተጠጋችሁ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጾም ሲገባ

የጎጃም ሯጭ የአመጋገብ ምክር ከጾሙ ጋር ካልታረቀ ወረቀት ላይ ይቀራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ በዚህ ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ሐዋርያትና ነነዌ አሉ። ከዓመቱ ግማሽ የሚጠጋውን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ የሚያሳልፍ ሰው ብዙ ነው።

ሁለት ነገሮችን ለዩ። የእንስሳት ተዋጽኦ አለመብላት አንድ ጉዳይ ነው፤ እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ሌላ ጉዳይ ነው። ሯጭን የሚጎዳው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ሽሮ፣ ምስር፣ ስልጆ፣ እልበት፣ ተልባ፣ ሱፍና ኑግ በደንብ ይሸፍኑታል፤ መጠኑን ከፍ ካደረጋችሁ።

የሰዓቱ መፍትሔ ልምምዱን ማንቀሳቀስ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ፈጣን ሥራ ሠርታችሁ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ባዶ መቆየት የከፋው አማራጭ ነው። ከባዱን ልምምድ ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ አውጡት፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ በሶ በማር፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ሙሉ ምግብ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁለተኛ፣ ከመኝታ በፊት ቂንጬ ወይም ተልባ ፍትፍት። በቀን ሦስት ጊዜ መብላት በስድስት ሰዓት ውስጥም ይቻላል። ፀሐዩ ከከበዳችሁ ማለዳ ቀላሉን ብቻ ሩጡ፤ ከባዱን ቅዳሜና እሁድ ላይ አድርጉት፤ በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሁድ ጥሉላት ባይበላም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም። ትልቅ ውድድር በጾም ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተመካከሩ። ይህ የእኔም የአሠልጣኙም ሥልጣን አይደለም፤ ግን ብዙ ልጆች ሳይጠይቁ ራሳቸው ላይ የሚፈርዱት ከአባቶች በከበደ ፍርድ ነው።

ቫይታሚን ቢ 12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ይገኛል። ሰውነት ስለሚያጠራቅመው የአንድ ጾም ወራት አያጎድለውም፤ ነገር ግን በፍስክ ቀናትም ወተትና እንቁላል የማይቀምስ ሯጭ ደሙ ውስጥ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ፍስክ ሲገባ እንቁላሉና እርጎው ለገበያ ሁሉ አይሂድ። በፋሲካ ማግስት ግን ተጠንቀቁ፤ ከ55 ቀን በኋላ በአንድ ጊዜ ዶሮ፣ ቅቤና ጥሬ ሥጋ ሆድ ያውካል፤ ሦስት አራት ቀን የልምምድ ጊዜ ይበላል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ምንጭ መሆኑም አለ። ለሯጭ ጥብስ ይሻለዋል።

በሞጣና በሌሎችም ከተሞች ያላችሁ ሙስሊም ሯጮች በረመዳን የምትሠሩት ስሌት ተመሳሳይ ነው። ከባዱ ልምምድ ከኢፍጣር አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም ካፈጠራችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሱሁር ላይ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚፈጭ እህል ከብዙ ውሃ ጋር።

ደም ማነስን ቀድማችሁ ያዙ

በከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከቆላ ሰው ይበልጥ ይፈልጋል፤ ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም። ሯጭ ደግሞ በላብ፣ በአንጀትና እግር መሬት ሲመታ በሚፈርሱ ቀይ የደም ሴሎች ብረት ያጣል። ምልክቱ ከስንፍና ጋር ይምታታል። ዳገት ላይ ትንፋሽ ይቆርጣል፣ ልብ ከወትሮው ፈጥኖ ይመታል፣ የዓይን ሽፋን ውስጡ ይነጣል፣ ልምምድ ቢጨመርም ሰዓት አይወርድም።

«ጤፍ የምንበላ ሰዎች ብረት አያንሰንም» ሲባል ትሰማላችሁ። ከፊል እውነት ነው። ቀይ ጤፍ ከነጩ የበለጠ ብረት አለው። ይሁንና ጤፍ ሲመረመር ከሚገኘው ብረት ብዙው ከፍሬው የወጣ አይደለም፤ አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። ይህን ብረት ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። ከፍሬው ያለውንም ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። እዚህ ላይ እርሾ ውለታ ይውላል። በደንብ የቦካ ሊጥ ፋይቴቱን ስለሚያፈርሰው ብረቱ ይለቀቃል። ተቻኩሎ በአንድ ሌሊት የተጋገረ እንጀራ ከሁለት ሦስት ቀን ሊጥ ጋር እኩል አይደለም። ጤፍ በብረት በኩል ጨርሶ እንደማይናቅ የሚያሳይ ምርመራም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ሴት ሯጮች የወትሮ ዳቧቸውን ለስድስት ሳምንት በጤፍ ዳቦ ሲተኩ የሚያገኙት ብረት ከፍ እንዳለ፣ የብረት ሁኔታቸውም እንደተሻሻለ አሳይቷል።

እንግዲህ አድራጎቱ፦ ከምግቡ ጋር ቫይታሚን ሲ ያለበት ነገር ይኑር። ጥሬ ቃሪያ ስንግ ይሁን፣ ሎሚ ከጎመኑ ላይ ይጨመቅ፣ ቲማቲም በጥሬው ይቀርብ። ሎሚው ምጣድ ላይ ሳይሆን ትሪ ላይ ይጨመቅ፤ እሳት ቫይታሚኑን ያጠፋዋል። ቡናና ሻይን ደግሞ ከምግቡ አርቁ። ምሳ እንደተነሳ ቡና የማፍላት ልማዳችን ለጨዋታ ግሩም ነው፤ ለብረት ግን ጠላት ነው። አንድ ሰዓት አቆዩት። ጉበት፣ ቀይ ሥጋና የዶሮ ሥጋ በፍስክ ሲገኙ በትንሹም ቢሆን ከጥራጥሬው ጋር ተቀላቅለው ይበሉ፤ የጥራጥሬውን ብረት አብረው ይስባሉ።

ምልክቱን ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሄሞግሎቢኑን ያስለካ፤ ከተቻለ የብረት ክምችትን የሚያሳየውን ፌሪቲንም፤ የአንጀት ጥገኛ ትልም አብሮ ይታይ። የብረት ክኒን ሳይመረመሩ አይዋጥ፤ የተትረፈረፈ ብረት ጉበት ይጎዳል። በድካም ጊዜ «ግሉኮስ» አስተክሎ መነሳት የሚባለውም ይቅር። በሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ የተከለከለ ዘዴ ነው፤ የተተከለው ንጹሕ ስኳርና ውሃ ቢሆንም እንኳ።

ጓያን በልክ

ስለ ሩጫ በሚጻፍ መመሪያ ውስጥ ጓያ መግባቱ ሊገርም ይችላል። ግን እግር የሚይዝ እህል ስለሆነ መግባት አለበት። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነርቭን ይጎዳል፤ ጉልበት ይገተራል፣ አረማመድ ይበላሻል፣ ጉዳቱ አይመለስም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በድርቅ ዘመናት ብዙ ወጣቶች በዚህ አካለ ጎደሎ ሆነዋል፤ ይበልጥ የተጎዱትም በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ አብዝተው የበሉት ናቸው። ምጥን ሽሮ ውስጥ ጥቂት ጓያ ከሽምብራና ከአተር ጋር ቢገባ የሚያስፈራ አይደለም። ዋና ምግብ አታድርጉት፤ ስትጠቀሙም አዳር ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሉ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የልምምድ ካምፕ ሽሮ ከጓያ እንዳይሆን አሠልጣኞች ተቆጣጠሩ።

ውሃና ጨው

በመግቢያው ላይ የተነሱት አሥር ሯጮች በቀን በአማካይ ሁለት ሊትር የማይሞላ ውሃ ነበር የሚጠጡት። አሸናፊዎች ናቸው፤ ግን በዚህ ጉዳይ አትምሰሏቸው። የጠዋት ሽንታችሁ ጠቆር ካለ አነሰ፤ እንደ ሎሚ ውሃ ገርጥቶ ከታየ በቂ ነው። ከረጅም ሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ፤ አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ በቀጣዮቹ ሰዓታት አንድ ሊትር ተኩል ያህል በዝግታ ተኩ። ከዚህ በላይ መጋት አይጠቅምም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ሩጫ መጠጡን በቤት አዘጋጁ። አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። ስድስትና ሰባት ከመቶ ስኳር ያለው የሱቅ የስፖርት መጠጥ የሚሰጠውን ይሰጣል። ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበትን ምረጡ፤ ደጋማው አገራችን አዮዲን ያንሰዋል፤ የእንቅርት እጢ ሲቸገር ሰውነት ይደክማል።

የውድድር ሰሞን

ከውድድሩ በፊት ያሉትን ሁለት ቀናት ልምምድ ሲቀንስ ምግብ አትቀንሱ፤ እንዲያውም እንጀራውን ጨምሩ። ዋዜማውን ባቄላ ንፍሮ፣ ብዙ ጎመንና በርበሬ የበዛበት ወጥ ተዉ፤ ሆድ ይነፋሉ። አዲስ ነገር አትሞክሩ፤ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ለውድድር ስትሄዱ በሶና ማር ይዛችሁ ሂዱ።

ውድድሩ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ብሉ። ሁለት መካከለኛ ዳቦ በማር፣ አንድ ሙዝ፣ ስኳር ያለው ሻይ። እንደ ታላቁ ሩጫ ላለ 10 ኪሎ ሜትር በመንገድ ላይ ምንም መብላት አያስፈልግም። ለግማሽ ማራቶንና ከዚያ በላይ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይረዳል፤ በትላልቅ ማራቶኖች ላይ ግንባር ቀደሞቹ በየ5 ኪሎ ሜትሩ የራሳቸውን ጠርሙስ የሚያነሱት ለዚህ ነው። እናንተም ልምምድ ላይ ሳትሞክሩት ውድድር ላይ አትጀምሩት።

ዱቄት፣ ጫትና ጠላ

ከቆርቆሮ የሚቀዳ ፕሮቲን ለእናንተ አያስፈልግም። ገንዘቡን እንቁላል ግዙበት። ከዚህ የሚበልጠው ሥጋት ዱቄቱ ውስጥ ያልተጻፈ የተከለከለ ቅመም ሊኖር መቻሉ ነው፤ ሕጉ ደግሞ «አላወቅሁም» የሚለውን አይቀበልም፤ በሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂ እናንተ ናችሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲንም በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ በውድድር ላይ የተከለከለ ነው፤ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍም ይዘጋል። ጠላና አረቄ ከልምምድ በኋላ የግላይኮጅኑን መተካትና የጡንቻውን ጥገና ያዘገያሉ። የማኅበሩን ጽዋ አልከለክልም፤ በውሃና በምግብ ላይ ይሁን፤ በከባድ ልምምድ ማግስት ግን አይብዛ።

ለልጃገረዶችና ለቤተሰቦቻቸው

«ቀለል ካልኩ እፈጥናለሁ» ብሎ ምግብ መቀነስ ሴት ሯጮች ላይ ፈጥኖ ይታያል። ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ ሲገባለት መጀመሪያ የሚዘጋው የወር አበባን ነው፤ ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል፣ የአጥንት ስንጥቅ ይመጣል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱን የቻለ የጤና ጉዳይ አድርጎ አውጥቶታል፤ በወንዶችም ላይ እንደሚደርስ አክሎ። ሦስት ወር የወር አበባ የቀረባት ልጅ «ጥሩ ሠልጥነሽ ነው» የሚላትን አትስማ፤ ምግቧን ትጨምር፣ ልምምዷን ትቀንስ፣ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ወተት፣ አይብና እርጎ ለአጥንቷ ያስፈልጋሉ።

በብዙ ቤት ልጃገረዷ የምትበላው አሳላፊ ሆና፣ እንግዳውና ወንዶቹ ከተነሱ በኋላ፣ ከሞሰቡ የተረፈውን ነው። ማለዳ ከወንድሟ እኩል ሮጣ፣ ውሃ ቀድታ፣ ሊጥ አቡክታ የመጣች ልጅ ናት። እናቶች፣ አባቶች፣ የእሷን ድርሻ ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት አንሱላት፤ ከፍስክ እንቁላሉም አንዱ በስሟ ይቀመጥ።